ባክቴሪያ ክፉ ቀንን እንዴት ያልፈዋል?

(ደሴ ላይ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ! ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታው ግን ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሰው ጆሮው ይደፈናል፣ ሹራብ ይደርባል። ሆዱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን የሀረጎን ዳገት ሲያልፉ ምንም አይሰማቸውም። እዚያ ሁልጊዜ 37 ዲግሪ ነው። ምግቡም አይጠፋም። መከራቸው የሚጀምረው ከሆድ ሲወጡ ነው። ዝናብ ጠርጎ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ከከተታቸው ብርድ፣ ረሃብና የፀሐይ ጨረር ባንዴ ይወርድባቸዋል። ተመልሰው ሰው አፍ ከገቡ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ይጠብቃቸዋል።

ሹራብ የላቸውም። ያላቸው ጂን ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው፤ አንድ ሴል ብቻ የሆነ ፍጡር፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የትኛውን ጂን እንደሚያነብ በምን ያውቃል? አብሽሩ፣ ፈተና የለውም። ግን አንድ ነገር ልሟገታችሁ ነው የመጣሁት። ባክቴሪያን ጥቂት አስጨንቆ መተው፣ ጭራሽ ካለመንካት የሚብስበት ጊዜ አለ።

ኢ ኮላይን እንውሰድ። ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር 500ኛ እጅ ያህል ነው። አብዛኛው ዝርያው አንጀታችን ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራል፤ አንዳንዱ ግን ክፉኛ ያሳምማል። ላብራቶሪ ውስጥ ሲጠና የኖረው ዝርያ ዲ ኤን ኤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሙሉ በሙሉ ተነቦ ታትሟል። 4.6 ሚሊዮን ፊደል፣ 4,300 ገደማ ጂን አለው። ከተመቸው በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል።

ጂን ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ ነው። መጀመሪያ ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጣል፤ ከዚያ ራይቦዞም የሚባለው አካል ግልባጩን እያነበበ ፕሮቲኑን ይሠራል። 4,300ውን ሁሉ በአንዴ ማሠራት ኪሳራ ነው። ጉልበትም፣ ፕሮቲን የሚገነባበት አሚኖ አሲድም ይፈጃል። ስለዚህ አስፈላጊው ይነበባል፣ ሌላው ተዘግቶ ይቆያል። ይህን ፈረንሳዮቹ ፍራንስዋ ዣኮብና ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 በወተት ስኳር ጂኖች አሳዩ። በ1965 ከአንድሬ ልዎፍ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። የእነሱ ታሪክ ራሱን የቻለ ንግግር ይወጣዋል፤ ልለፈው።

ጂኑን የሚገለብጠው ፕሮቲን አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝ ይባላል። ብቻውን ግን መነሻውን አያገኝም። ዲ ኤን ኤው ላይ የት ቆሞ እንደሚጀምር የሚያሳየው ሲግማ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው። መናኸሪያችንን አስቡ። ሚኒባሱ ያው ሚኒባስ ነው። «ኮምቦልቻ» የሚል ታፔላ ከተሰቀለበት ቁልቁል ይወርዳል፤ «ሐይቅ» ከተሰቀለበት ወደ ሰሜን ይነዳል። ፖሊመሬዝ ሚኒባሱ ነው፣ ሲግማ ታፔላው።

ኢ ኮላይ ሰባት ታፔላ አለው። ሲግማ 70 የደህና ቀን ነው፤ ለማደግና ለመባዛት የሚያስፈልጉትን ጂኖች ያስነብባል። ሲግማ 32 የሙቀት ነው። ሲግማ 38 የረሃብና የጠቅላላ መከራ ሲሆን ከባክቴሪያው ጂኖች ወደ 10 በመቶ የሚጠጋውን ይነካል። የቀሩት ለብረት፣ ለናይትሮጅን፣ ለሽፋን ጉዳትና ለመዋኛ ጅራት የተመደቡ ናቸው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ሚኒባስ አይጨመርም። ያሉት ላይ ታፔላ ይቀየራል እንጂ። ብዙዎቹ ሲግማ 38 ከሰቀሉ ወደ እድገት የሚሄደው ያንሳል። ስለዚህ ጥንካሬ በነጻ አይገኝም። ባክቴሪያ ወይ በፍጥነት ይባዛል፣ ወይ ይጠነክራል። ሁለቱን እኩል አያገኝም። ይህን ያዙልኝ፤ መድኃኒት ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ታፔላውን ማን ይቀይረዋል? ሾፌርም ረዳትም የለም። ሙቀትን ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው በትክክል እስከታጠፈ ድረስ ብቻ ነው። ሙቀት ሲበዛ እጥፋቱ ይፈታል። የተፈቱት እርስ በርስ እየተጣበቁ ሴሉን ያውካሉ። ለዚህ ሴሉ ጠጋኝ ፕሮቲኖች አሉት፤ አንዱ ዲናኬ ይባላል። የተፈታውን ይዞ እንደገና እንዲታጠፍ ይረዳዋል። በደህና ቀን ሥራው ቀላል ነው። እጁ ባዶ ሲሆን ታዲያ ሲግማ 32ን ይይዛል። የተያዘው ሲግማ 32 ፕሮቲን ለሚቆራርጥ ኢንዛይም ይሰጣል። በ30 ዲግሪ ዕድሜው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ተሠርቶ ወዲያው ይጠፋል።

አሁን ሙቀቱ 42 ይግባ። ፕሮቲኖች በየቦታው መፈታት ይጀምራሉ። ዲናኬ ወደ እነሱ ይሄዳል፤ ሲግማ 32ን የሚይዝበት ጊዜ የለውም። የተለቀቀው ሲግማ 32 ይጠራቀማል፣ ፖሊመሬዝ ላይ ይሰቀላል፣ የጠጋኞቹን ጂን ያስገለብጣል። ጠጋኝ ይበዛል። የተፈታው ሲጠገን እጃቸው ባዶ የሚሆኑት ጠጋኞች ተመልሰው ሲግማ 32ን ይይዙታል። ነገሩ በራሱ ይበርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ልብ በሉ፣ ሴሉ እዚህ ጋ የለካው ሙቀቱን አይደለም፤ ጉዳቱን ነው። ለዚህ ነው አልኮልም ያንኑ ታፔላ የሚያሰቅለው። አልኮል አይሞቅም፤ ፕሮቲን ግን ይፈታል። እርግጥ ቀጥተኛ ቴርሞሜትርም አለው። የሲግማ 32 አር ኤን ኤ በቅዝቃዜ ተጣጥፎ ራይቦዞም የሚቆምበትን ቦታ ይደብቃል፤ ሲሞቅ ይገልጠዋል። የሚገርመው፣ ይህ የሙቀት ምላሽ መጀመሪያ የታየው በባክቴሪያ አይደለም። ጣሊያናዊው ፌሩቺዮ ሪቶሳ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ አይቶት እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመው። የዲናኬ ዘመድ በእኛም ሴል ውስጥ አለ።

ረሃብም የራሱ ምልክት አለው። አሚኖ አሲድን ወደ ራይቦዞሙ የሚያመላልስ አር ኤን ኤ አለ፤ አሚኖ አሲድ ሲጠፋ ባዶውን የሚመጣው ይበዛል። አጠገቡ ያለ ሬልኤ የተባለ ኢንዛይም ይህን ያያል፤ ፒፒጂፒፒ የምትባል ትንሽ ሞለኪውል ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ማይክል ካሸልና ጆናታን ጋላንት የተራበ ባክቴሪያ ሲመረምሩ ፊልማቸው ላይ ያልጠበቁት ነጥብ ወጣ። «አስማተኛ ነጥብ» ብለው ጠሩት፤ እሷ ነበረች። ፒፒጂፒፒ ፖሊመሬዙ ላይ ትለጠፍና አዲስ ራይቦዞም ማሠራቱን ታቆማለች። በፍጥነት በሚያድግ ሴል ትልቁ ወጪ ራይቦዞም ነው። ያ ሲቆም ነጻ የወጣው ፖሊመሬዝ ሲግማ 38ን ይሸከማል።

አሲዱ ጋ እንሂድ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ከ10 እስከ 100 ሴል ብቻ ገብቶ ሊያሳምም ይችላል። እንዴት ጨጓራን ያልፋል? ሲግማ 38 ከሚያስነብባቸው መካከል ግሉታሜት የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚቀይር ኢንዛይም አለ። ግሉታሜት በተቀየረ ቁጥር አሲድ ያደረገውን የሃይድሮጅን አዮን ከሴሉ ውስጥ ይወስዳል። ቆሻሻው ወደ ውጭ ይጣላል፣ አዲስ ግሉታሜት ይገባል። በዚህ ፒኤች 2 ውስጥ ሰዓታት ይቆያል (ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል)። ግን ይህን የሚችለው አስቀድሞ የተዘጋጀው ነው።

እንግዲህ ሙግቴ እዚህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ሙከራ አለ። ሳልሞኔላን በቀጥታ ፒኤች 3.3 ላይ ሲጥሉት በብዛት ይሞታል። አስቀድመው ፒኤች 5.8 ላይ ካቆዩት ግን የሚተርፈው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በሙቀትም እንዲሁ ነው፤ 42 ዲግሪ የቀመሰ ባክቴሪያ ከ50 በላይ የሆነውን ይበልጥ ይቋቋማል። ባክቴሪያ በሚገድለው ኬሚካል፣ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም እንዲሁ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አንዱ መከራ ለሌላው ማዘጋጀቱ ነው። የተራበ ኢ ኮላይ፣ ሙቀት ቀምሶ ሳያውቅ፣ ከጠገበው ይልቅ ሙቀትን ይችላል። ሲግማ 38 የመጣውን ብቻ ሳይሆን ሊመጣ የሚችለውንም ስለሚያስነብብ ነው።

እና ኩሽና ውስጥ? ሊጥ የሚኮመጥጠው ቀስ እያለ ነው። አብሮ የገባ ክፉ ባክቴሪያ ካለ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። ደግነቱ መጨረሻ ላይ ምጣድ አለ። እርጎ ላይ ግን ምጣድ የለም። ስለዚህ ወተቱን አስቀድሞ አፍልቶ፣ አብርዶ፣ ከዚያ በእርሾ ማርጋት ይሻላል። ለብ ያለ ወጥም አትመኑ። ማሞቅ ካለባችሁ እስኪንተከተክ አሙቁት።

ውሃን በተመለከተ ለደሴ ሰው የተለየ መልእክት አለኝ። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ ነው። በሽታ የሚያመጡትን አብዛኞቹን ለመግደል ይበቃል፤ አትደንግጡ። ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። «ሰስ» ሲል አውርዶ መጠጣት ደሴ ላይ አያዋጣም። ክሎሪን የምትጠቀሙም ዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቁ። ባክቴሪያ ክሎሪን ሲነካው የሚነቃ ጠጋኝ ፕሮቲን አለው። መጠኑ ሲሞላ ያ ፕሮቲን አያድነውም፤ ሲያንስ ግን ዕድል ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ክኒኑ። ጉንፋን ይዞት ከጎረቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን ሁለት ፍሬ የሚውጥ ሰው ስንት አለ? እጅ አውጡ አልላችሁም። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ክኒኑ አይነካውም። ሆዳችን ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች ግን መከራ ነው። ሲቆይ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይባላል። የለመደው ሰውነታችን አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው።

አንዳንድ መድኃኒት ዲ ኤን ኤን ይጎዳል። ሁላችንም የምናውቀው ሲፕሮ እንዲህ ነው። ኢ ኮላይ ዲ ኤን ኤው ሲሰበር ኤስ ኦ ኤስ የሚባል ምላሽ ይሰጣል። ስሙን ያወጣው ሚሮስላቭ ራድማን ነው፤ መሠረቱን ከጣሉት አንዷ ኤቭሊን ዊትኪን ናት። ዊትኪን ጨረር የሚቋቋም ኢ ኮላይን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ወጣት ሳለች ነው። ላስከር የተባለውን የሕክምና ምርምር ሽልማት ያገኘችው በ2015፣ በ90ዎቹ ዕድሜዋ። በ2023 በ102 ዓመቷ አረፈች። እንዲህ ያለ ዕድሜ ለሳይንቲስት ሁሉ ይሰጥልኝ።

ምላሹ እንዲህ ነው። ሌክስኤ የተባለ ፕሮቲን 40 ገደማ ጂኖችን ዘግቶ ይቀመጣል። ዲ ኤን ኤ ሲጎዳ ሬክኤ የተባለው ፕሮቲን በተራቆተው ክር ላይ ይደረደራል። ሌክስኤ ሬክኤን ሲነካ ራሱን ይቆርጣል። ጂኖቹ ይከፈታሉ፤ ባንዴ ግን አይደለም። መጀመሪያ ጉዳቱን በጥንቃቄ የሚጠግኑት ይወጣሉ። ሌላው ሴሉ እንዳይከፈል ያግደዋል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ክር የረዘመ ባክቴሪያ ይሆናል። ጉዳቱ ካላለቀ በመጨረሻ የሚወጣው ስሕተት የሚያበዛ ገልባጭ ነው። የተጎዳውን ፊደል ባያውቀውም ያገኘውን ጽፎ ያልፋል። አብዛኛው ስሕተት ከንቱ ወይም ጎጂ ነው። አንዳንዱ ግን ባክቴሪያውን መድኃኒት የማይነካው ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ሌክስኤ ራሱን እንዳይቆርጥ የተደረገ ኢ ኮላይ በአይጦች ውስጥ ሲፕሮን የሚቋቋም ዘር ማውጣት እንደተሳነው አሳይቷል። ማለት፣ መቋቋሙ የመጣው በመከራው ምላሽ በኩል ነው። የማይገድል መጠን ይህን በር ነው የሚከፍተው።

ቲቢን ሳልነካ ብወርድ የሚቆጡኝ ባለሙያዎች እዚህ ተቀምጠዋል። የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ሲያጣ ዶስአር በሚባል ፕሮቲን በኩል 50 ገደማ ጂኖችን ይከፍትና ማደጉን ያቆማል። ብዙ መድኃኒቶች የሚገድሉት እያደገ ያለውን ነው። ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ወይ ይባዛል ወይ ይጠነክራል። ሕክምናው በተለመደው ስድስት ወር የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለት ወር ውጦ ሳሉ ሲጠፋለት የሚያቆም ሰው እያደጉ የነበሩትን ገድሎ የተኙትን ትቷል። ሽንትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ሪፋምፒሲን ደግሞ ታፔላ አይመርጥም፤ ፖሊመሬዙን ራሱን ነው የሚያቆመው። በሆስፒታሎች ያለው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያም ይህ የፖሊመሬዝ ጂን ተቀይሮ እንደሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያያል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሦስቱን ላስፍር።

አንዲት እናት፣ «ደሴ ብርድ ነው፤ ምግብ ቢያድር ምን ይሆናል?» አሉ። እናቴ፣ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ኢ ኮላይ ከ37 ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ለጊዜው ማደጉን ያቆማል። በብርድ አር ኤን ኤው ይተበተባል። ሲኤስፒኤ የሚባል ፕሮቲን በብዛት ሠርቶ ትብትቡን ይፈታል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀጥላል። ሊስቴሪያ የሚባለው ደግሞ ፍሪጅ ውስጥም ያድጋል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። የደሴ ሌሊት ከፍሪጅ ይሞቃል።

አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ታዲያ ይሄ ነገር ያስባል ማለት ነው?» አሉኝ። አባቴ፣ አያስብም። የያዘ ይለቃል፣ የተጣጠፈ ይፈታል፣ ያ ብቻ ነው። እንዲያውም ዕድልም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1944 ጆሴፍ ቢገር ስታፊሎኮከስን በፔኒሲሊን ሲገድል ጥቂቶች ተረፉለት። ዘራቸውን አብዝቶ እንደገና ቢሞክር ልጆቹ ሞቱ። ስለዚህ የተረፉት በጂን የተለዩ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢ ኮላይን በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ የሚተርፉት መድኃኒቱ ሳይመጣ በፊት ጀምሮ ዘገምተኛ የነበሩት መሆናቸውን አዩ። ማንም አልነገራቸውም። በአጋጣሚ እድገታቸው ቀድሞ ቀዝቅዞ ነበር።

የመጨረሻው ኮምቦልቻ ቆዳ ላይ የሚሠራ ወንድማችን ነው። «ቆዳው በጨው ይታሻል፤ ጨው ሁሉንም አይገድልም ወይ?» አለ። ጨው ውሃ ይስባል፤ ብዙዎችን ያቆማል። ኢ ኮላይም ፖታስየም አስገብቶ፣ ከዚያም ፕሮሊን የመሰሉ ሞለኪውሎችን ሰብስቦ የተወሰነውን ይቋቋማል እንጂ ጨው በጠገበ ቆዳ ላይ አያድግም። የአባ ሰንጋው ባክቴሪያ ግን ሌላ ነው። እሱና ዘመዶቹ ሲቸገሩ አራት ሲግማዎች በተራ ይነሳሉ። ሁለቱ በውስጠኛው ክፍል፣ ሁለቱ በውጨኛው እናት ሴል ይሠራሉ። እናቲቱ ልጇን በድርብርብ ሽፋን ጠቅልላ ትሞታለች። ስፖር የሚባለው ይህ ነው። አይበላም፣ አያድግም፣ ጨውም ለአጭር ጊዜ ማፍላትም አይበግረውም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1942 ግሩይናርድ በተባለች የስኮትላንድ ደሴት ላይ የአባ ሰንጋ ስፖር ሞከሩ። አፈሩን በ1986 በፎርማልዲሃይድ አጥበው፣ ደሴቷ ነጻ ነች የተባለው በ1990 ነው።

በሞተ ከብት ገላ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ገና ስፖር አልሆነም። ስፖር የሚሆነው ገላው ተከፍቶ አየር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው የማይረጋ ደም ከፈሰሰ አትክፈቱት፤ ቆዳውንም አትግፈፉት። ለእንስሳት ሐኪም ደውሉና ሳይከፈት ይቀበር ወይም ይቃጠል።